የኦቦ አደም አማና

ሰው ጡረታ ሲወጣ ዕድሜውን በምን እንደጨረሰ ይጠየቃል። አንዷ ጎረቤቴ አስተማሪ ነበረች፤ ያስተማረቻቸው ልጆች ዛሬ ሰው ሆነው መንገድ ላይ አቁመው ይስሟታል። ሌላው ጎረቤቴ ባቡር ነጂ ነበር፤ የድሮው ባቡር ቢቆምም ሐዲዱን እያየ ያወራል። እኔ የድንጋይ ጠባቂ ነበርኩ። ዋናው የጠበቅኩት ድንጋይ ዛሬ የለም። አለ ቢባልም የለም። ይህን መጻፌም በእጄ ይዤ «ይኸው ሥራዬ» ብዬ የማሳየው ነገር ስለሌለኝ ነው።

ነፊሳ እባላለሁ። የተወለድኩት እዚሁ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ነው። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ቤት ውስጥ ሐረሪኛ፣ ሰፈር ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሱቅ ሶማልኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እያወራን አደግን። ድሬ ላይ ይሄ እንደ ችሎታ አይቆጠርም፤ እኔ ግን ሥራ ያገኘሁት በእሱ ነው። መጀመሪያ ጉምሩክ ገባሁ። ነጋዴው ሲጮህ፣ ኃላፊው ሲጮህ፣ እኔ መሀል ቆሜ የአንዱን ጩኸት ለሌላው ሳስተረጉም እውል ነበር። ማታ ቤት ስገባ ሰው ሁሉ የሚጮህብኝ ይመስለኝ ጀመር። አንድ ቀን ከዚራ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሙዚየም ሊከፈት ነው፣ ገጠር ወርዶ ከገበሬ ጋር የሚነጋገር ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰማሁ። ደሞዙ ያነሰ ነው። እናቴ አኮረፈች። አክስቴ ደግሞ «የመስቀል ድንጋይ ስታጥቢ ልትውዪ?» አለችኝ። እኔ ጸጥታውን ፈልጌ ሄድኩ።

ሙዚየሙ ሦስት ክፍል ያለው የፈረንሳዮች ዘመን ቤት ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም፣ በረንዳው ሰፊ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ። ከጓሮው አጥር እስከ ደቻቱ ወንዝ ዳር ብዙም አይርቅም። ውስጡ ያሉት የተቀረጹ ድንጋዮች ናቸው። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በአካባቢው ተራሮች የኖሩ ክርስቲያኖች የጠረቧቸው፤ መስቀል ያለባቸው፣ የወይን ሐረግ ያለባቸው፣ ግማሽ ፊደል የቀረባቸው። ገበሬ ሲያርስ፣ መንገድ ሠሪ ሲቆፍር የተገኙ ናቸው። ዕድሜያቸውን ለማወቅ ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያዎች ተከራክረው ሳይስማሙ ተመልሰዋል። የሰፈሩ ሰው «ድንጋይ ቤት» ይለዋል። የሚጎበኘን ሰው ጥቂት ነው፤ የትምህርት ቤት ልጆች፣ አልፎ አልፎ ከሁርሶ ማሠልጠኛ ለእረፍት የሚመጡ ወታደሮች። ወታደሮቹ ከሙቀቱ ሊሸሹ ነው የሚገቡት፤ ግን አንዳንዱ መስቀሉ ፊት ሲደርስ ኮፍያውን ያወልቃል።

ሥራውን ያስተማረኝ ሙሴ ያኒ ነው። አያቱ ከባቡሩ ጋር የመጣ ግሪክ ነው፤ እሱ ግን ድሬ ተወልዶ ድሬ ያረጀ፣ ቆዳው በፀሐይ የጠቆረ፣ ከአፉ «አቦ» የማይጠፋ የድሬ ልጅ ነበር። ሙያው የመቃብር ድንጋይ መቅረጽ ነው። ለግሪኩ፣ ለአርመኑ፣ ለጣሊያኑ ስም ሲቀርጽ ኖረ። ድሬ ላይ የሚሞት ፈረንጅ ሲያልቅ ሥራውም አለቀና ሙዚየሙ ቀጠረው።

ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ጠዋት ሲገባ ለእኛ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ድንጋዮቹን ይዞራል። እያንዳንዱን በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ አድርጎ ጆሮውን ያስጠጋል። ደህና ድንጋይ እንደ ሸክላ ማሰሮ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የታመመው እንደ ካርቶን ነው የሚሰማው። ይህን ለመለየት ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ። ስሳሳት አይቆጣም፤ «ነፊሶ፣ ጆሮሽ ገና ጉምሩክ ነው ያለው» ይለኛል።

ብረት ድንጋይ እንዲነካ አይፈቅድም። አፈር የሚያስለቅቀው ራሱ በጠረበው የቀርከሃ ስንጥር ነው። ውሃም በጣም ይፈራል። ሌላው ሁሉ በባልዲ ውሃ የምናጥብ እየመሰለው ይገባና፣ እኛን ለስላሳ ብሩሽ ይዘን አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ግማሽ ቀን ተደፍተን ሲያገኘን ይስቃል። ከሁሉ የምወደው ግን የመስተዋቱን ነገር ነው። ሙሴ ያኒ ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ያገኘው መስተዋት ነበረው። ጠዋት በር ላይ ይቆምና ፀሐይዋን ተቀብሎ ከጎን በኩል ድንጋዩ ላይ ይለቃታል። ባዶ ይመስል የነበረው ድንጋይ ላይ ያን ጊዜ መስመር ይወጣል፤ ቅጠል፣ ጣት፣ የፊደል እግር።

«ፊት ለፊት ካበራሽበት ዝም ይልሻል» አለኝ። «ከጎን ነው። ጥላ ካለ ሥራ አለ።»

እንዲህ እየተማርኩ ሳለ ነው ስለ ኦቦ አደም ድንጋይ የሰማነው። ተራራው ሥር መንገድ የሚሠሩ ሰዎች፣ በአንድ ገበሬ ማሳ መሀል የቆመ የተቀረጸ ድንጋይ አለ፣ መንገዱ በላዩ ላይ ሊያልፍ ነው፣ ካልወሰዳችሁት ለጠጠር ይፈጫል ብለው ላኩብን። ኃላፊያችን አቶ ጌታቸው፣ ሙሴ ያኒና እኔ በጭነት መኪና ወጣን።

ድንጋዩ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ነበረው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ። ላዩ ላይ በክብ ውስጥ የተቀረጸ መስቀል፣ ዙሪያውን የወይን ሐረግ፣ ከግርጌው ከአንድ ጽዋ የሚጠጡ ሁለት ወፎች። ሙሴ ያኒ ከመኪናው ወርዶ ባየው ጊዜ ቁጭ አለ። ሲጋራ አወጣና ሳይለኩሰው ቆየ።

ኦቦ አደም ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበር። ጫት፣ ማሽላና ትንሽ ሽንኩርት የሚያለማ፣ አምስት ወቅት የሚሰግድ ሰው። እኔ በኦሮምኛ ነገሩን አስረዳሁት። ሰማኝና ወደ ድንጋዩ ሄዶ እጁን ወፎቹ ላይ አሳረፈ።

«ዸጋ ኬሱማ ነው የምንለው» አለኝ። የእንግዳ ድንጋይ ማለት ነው። «አያቴ ዞሮት ነበር የሚያርሰው። አባቴም። ማን እንዳቆመው አናውቅም። እንግዳ ትቶት የሄደው ዕቃ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ አማና ነው፣ አደራ።»

አቶ ጌታቸው ይህን ሳስተረጉምለት «ባለቤቶቹ እኮ ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል በይው» አለኝ። አልኩት።

«አማና ባለቤቱ ሲሞት ይቀራል እንዴ?» አለ ኦቦ አደም።

በኋላ መንገዱ የማይቀር መሆኑን ሲረዳ ሦስት ነገር ጠየቀ። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ይሁን። እሱ ሊያየው ሲመጣ አይከልከል። ሦስተኛውን እኔን ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የተናገረው፦ «እንደሰጠሁሽ አስቀምጪው። ለመንግሥት አይደለም የምሰጠው፤ መንግሥት ይለዋወጣል። ላንቺ ነው የምሰጥሽ።» እኔም ወላሂ ብዬ ተቀበልኩት።

ድንጋዩን ለማውጣት ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀብን። የመኪናው ወለል ላይ ጭድና ፍራሽ አነጠፍን። ኦቦ አደም ጋቢና ግባ ቢባል እምቢ አለ። ከኋላ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ተቀምጦ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር እንደ ታመመ ሰው በእጁ እየደገፈው ድሬ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ቀፊራ ገበያ በወረደ ጊዜ ሁሉ ይመጣ ነበር። ጫማውን በረንዳ ላይ አውልቆ ይገባል፣ በቀኝ እጁ የመስቀሉን ክብ ሳይነካ አልፎ ወፎቹን ይዳስሳል። «ሺምቢሮዎቹ ደህና ናቸው» ይለኛል፤ ወፎቹን ማለቱ ነው። እኔም «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ድንጋይ መንካት ክልክል ነው የሚለው ጽሑፍ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል። ሙሴ ያኒ ለማንም የማይራራው ሰውዬ፣ ኦቦ አደም ሲነካው ዞር ብሎ ሌላ ነገር የሚሠራ ይመስላል። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ በረንዳው ላይ የቡና ገለባ ሆጃ እየጠጡ ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም። አንዱ ስለ ዝናብ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። በሕይወቴ ደግ ዘመን ነበር የምለው ያን ነው።

ድሬ ላይ ሳይዘንብ ጎርፍ ይመጣል። ደመናው ደንገጎ ተራራ ላይ ይወርዳል፣ እኛ ጋ ፀሐይ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ቆሜ ሳለ ከደቻቱ በኩል እንደ ባቡር ያለ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የሰው ጩኸት። ዘበኛው «ውጡ! ውጡ!» እያለ መጣ። ውሃው የጓሮውን አጥር እንደ ብስኩት ነው የሰበረው። ሮቃው ላይ ወጣን። ከዛፉ ላይ ሆኜ ቡናማ ውሃ በሙዚየሙ በር ሲገባ፣ በመስኮቱ ሲወጣ አየሁ። አልጋ አለፈ። ፍየል አለፈ። ሌላም ያለፈ ነገር አለ፤ እሱን አልጽፈውም።

ውሃው ሲጎድል ከታች ሰፈር ስንት ቤት እንደሄደ አወቅን። ከሙዚየሙ በታች ትኖር የነበረች ሳዲያ የምትባል ሴት ሁለት ልጆቿን አጣች። በዚያ ሰሞን ስለ ድንጋይ ማውራት ነውር ነበር።

ሙሴ ያኒ ሱሪውን ጠቅልሎ በጭቃው መሀል መጣ። የኦቦ አደምን ድንጋይ መታ መታ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ። ጭቃው እስከ ወፎቹ ደርሶ ነበር። ጥርት ያለው ድምፅ ጠፍቷል።

«ጠጥቷል» አለኝ። «ጠግቦ ጠጥቷል። እንግዲህ እንዳይቸኩል ማድረግ ነው። በጥላ፣ በር ተዘግቶ፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ከቸኮለ ውሃው ውስጥ ያለው ጨው ወደ ፊቱ ይወጣና ይገፍፈዋል።»

ግን ቀስ የሚል ነገር በከተማው አልነበረም። ቤት የፈረሰባቸው ሰዎች ሜዳ ላይ ናቸው። አቶ ጌታቸው ግቢያችንን ከፈተላቸው። ከዚያ ክፍሎቹንም ልንለቅ ሆነ። ሙሴ ያኒ ለመነው። አቶ ጌታቸው ራሱ ለቀናት እንቅልፍ ያላየ ሰው ነበር፤ ድምፁን እንኳ አላነሳም።

«ያኒ፣ ሰው ሜዳ ላይ አድሮ ድንጋይ ጣሪያ ሥር አያድርም» አለው።

እውነቱን ነው። ያኔም እውነቱን ነበር፣ ዛሬም ሳስበው እውነቱን ነው። ያ ነው ነገሩን የማይለቅ ያደረገብኝ። የምቆጣው ሰው የለኝም።

ድንጋዮቹን በገመድና በግንድ እያንከባለልን ግቢው ጥግ፣ ቆርቆሮ ሥር አወጣናቸው። የድሬን ፀሐይ ለሚያውቅ፣ ከቆርቆሮ ሥር መሆን ምጣድ ላይ መቀመጥ ነው። ሙሴ ያኒ ጆንያ ሰበሰበ። ጆንያውን እያረጠብን ድንጋዮቹን እንሸፍናለን፤ ሲደርቅ እንደገና እናረጥበዋለን። ለጥቂት ቀን ሠራ። ችግሩ የከተማው የውሃ መስመር በጎርፉ ተሰብሮ ነበር። ውሃ በቦቴ ነው የሚመጣው፣ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሙሴ ያኒ ከባልዲው ውሃ እየጠለቀ ጆንያው ላይ ሲረጭ፣ ሳዲያ ባዶ ጀሪካን ይዛ ከኋላችን ቆማ አየኋት። ቦቴው አልቆባታል። አልተናደደችም። ድምፅዋ ነገሩ እንዲገባው የሚፈልግ ሰው ድምፅ ነበር።

«ለድንጋይ ነው?» አለች።

ሙሴ ያኒ ዞረ። ልጆቿን ያውቃቸው ነበር። ባልዲውን በሁለት እጁ አንስቶ፣ ውሃው እንዳይፈስ እየተጠነቀቀ ጀሪካኗ ውስጥ ገለበጠላት። ከዚያ ባልዲውን አፉን ወደ ታች አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ያን ቀን ጆንያው ደረቀ። በማግስቱም። እኔም ላርጥበው አልሄድኩም። ማን ይሄዳል?

ሰዎቹ ቤት ተሠርቶላቸው ግቢውን እስኪለቁ ብዙ ወራት አለፉ። ድንጋዮቹን መልሰን ስናስገባ ትንንሾቹ ደህና ነበሩ። የኦቦ አደም ድንጋይ ግን ግርጌው ላይ ነጭ ዱቄት አብቅሎ ነበር። በብሩሽ ስጠርገው ዱቄቱ ብቻውን አልወረደም፤ የሐረጉ አንድ ቅጠል አብሮት ወረደ። እጄ ላይ አሸዋ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ ያን ጨው ስዋጋ ያለቀ ነው። ወረቀት ፈጭተን በባትሪ ውሃ እንለውሰዋለን። የባትሪ ውሃ ምንም ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ስለሆነ፣ ከጋራዥ ሰፈር ነው የምናመጣው። ያን ሊጥ ድንጋዩ ላይ እንለጥፈዋለን። ሲደርቅ ጨውን ወደ ራሱ ስቦ ይወጣል። እንልጠዋለን፣ እንደገና እንለጥፋለን። አንዳንዴ ሊጡን ስናነሳ ምላሳችንን እናስነካዋለን። ጨው ከሆነ ደስ ይለናል፤ ወጣ ማለት ነው። ግን ሁሌም ጨው ነበር። የማያልቅ ነበር። ወለሉ ሥር ያለው መሬት ራሱ የጎርፉን ውሃ ጠጥቶ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ለድንጋዩ መልሶ ያጠጣዋል። ድንጋዩን ከመሬቱ የሚለይ መደብ እንዲሠራልን ጠየቅን። የሚቀጥለው በጀት ተባለ። አቶ ጌታቸው ተቀየረ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም ተቀየረ። ማንም እምቢ አላለንም።

መጀመሪያ የግራዋ ወፍ ሄደች። ምንቃሯ፣ ከዚያ አንገቷ። ከዚያ ጽዋው። እኔ በየጠዋቱ በመጥረጊያ የምጠርገው አቧራ እሷ እንደነበረች አውቃለሁ።

ኦቦ አደም በዚያ ዘመን መምጣት ትቶ ነበር። ዓይኑን ታመመ፣ እግሩም ከዳው። ሰላምታ የሚልከው ቀፊራ ሽንኩርት በምትሸጠው ልጁ በሃሊማ ነው። ሃሊማን ሙዚየም ወስጄ እውነቱን አሳየኋት። ቆማ አለቀሰች። «ንገሪው» አልኳት። «እሺ» አለች። ስንት ጊዜ «እሺ» እንዳለች አላህ ነው የሚያውቀው። ኋላ ላይ ስጠይቃት «ማታ ማታ ለልጆቼ የሚያወራላቸው እኮ ስለሱ ነው። በየት በኩል ልጀምር?» አለችኝ።

አንድ ጠዋት ሙሴ ያኒ እንደ ልማዱ መስተዋቱን ይዞ በር ላይ ቆመ። እጁ በእርጅና ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ሲዘል ቆየና ድንጋዩ ላይ አረፈ። ከቀኝ አበራ። ከግራ ዞሮ አበራ። እኔ ድንጋዩ አጠገብ ተንበርክኬ አንዲት መስመር እንድትወጣ እጠብቃለሁ። መስቀሉም፣ ሐረጉም፣ ወፎቹም የነበሩበት ፊት በብርሃኑ ሥር እንደ ወንዝ አሸዋ ለስልሶ ተኛ።

«ምን አለ?» አለኝ። ዓይኑ ደህና ነበር፤ ከእኔ ሊሰማው ፈልጎ ነው።

«ምንም» አልኩት።

መስተዋቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። አልተመለሰም። ቤቱ ስሄድ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል እንጂ ስለ ሥራ አንድ ቃል አያነሳም። በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ነበርን። ድሬ ላይ ስም የሚቀርጽ ሰው ስላልነበረ መቃብሩ ላይ ሲሚንቶ ፈሰሰበት፤ ስሙም በቀለም ተጻፈ። ባለፈው ዓመት ሄጄ ነበር። ቀለሙ የመጀመሪያውን ፊደል ለቋል።

እኔ ከዚያ በኋላም ጡረታዬ እስኪደርስ ሠራሁ። ሠራሁ ማለት ትንንሾቹን ድንጋዮች ጠበቅኩ። ትልቁ ድንጋይ አጠገብ ያለው የማስታወቂያ ጽሑፍ አልተቀየረም፦ መስቀል፣ የወይን ሐረግ፣ ከጽዋ የሚጠጡ ወፎች ይላል። ጎብኚ ያነባል፣ ቀና ብሎ ድንጋዩን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል። ጽሑፉ ይነሳ ብዬ አንድ ጊዜ አሰብኩ። ካነሳሁት እዚያ የቆመው ምን ሊባል ነው? ተውኩት። በሽኝቴ ቀን ኬክ ተቆረሰ፣ ንግግር ተደረገ፣ «ቅርስን ለትውልድ ያስተላለፈች» ተባለልኝ። አጨበጨቡ። እኔ ጫማዬን ነበር የማየው።

ባለፈው ሰሞን ሃሊማ ደወለችልኝ።

«አባባ ካልወሰዳችሁኝ ብሎ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም» አለች። «ሳልሞት ልሰናበተው ነው የሚለው።»

«አታምጪው፣ ሃሊማ።»

«አልሰማሽኝም። ባጃጅ ውስጥ ነን እኮ።»

ስደርስ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ኦቦ አደም አንሷል። ዓይኖቹ ነጭ ሆነዋል፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያይም። በድምፄ አወቀኝና እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«ነፊሳ! በሕይወት አለሽ? እኔም አለሁ። እሱም አለ። አልሐምዱሊላህ!»

ዘበኛው ከፈተልን። እንደ ድሮው በረንዳው ላይ ጫማውን አወለቀ። ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። «ኦቦ አደም፣ ጎርፉ ጊዜ ድንጋዩ …» ስል «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ጎርፉን አይቶ አልፏል» አለኝና መንገዱን እያስታወሰ፣ ያለ መሪ፣ ቀጥ ብሎ ገባ። ሃሊማ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ በር ላይ ቀረች።

ቀኝ እጁን ዘረጋ። እንደ ልማዱ የመስቀሉ ክብ የነበረበትን ሳይነካ ወደ ታች አወረደውና ወፎቹ ቦታ ላይ አሳረፈው። ዳሰሰ። ትንሽ ወደ ግራ። ወደ ቀኝ። ሁለተኛ እጁን ጨመረ። ተንበረከከና እስከ መሬቱ ድረስ ዳሰሰ፤ ተነሳና እስከ አናቱ ዳሰሰ፤ ሳይነካ ያለፈውን የመስቀሉንም ቦታ አሁን ነካ። ጣቶቹ ላይ የቀረውን አሸዋ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

«ሌላ ክፍል ነው የገባሁት» አለ።

«ይኸው ነው፣ ኦቦ አደም።»

«ድንጋይ ነው፣ እሺ። የኔ ግን አይደለም።»

«ጨው ነው የበላው። ጎርፉ ውሃ አጠጣው፤ ውሃው ሲደርቅ ጨው …»

«ጨው ድንጋይ ይበላል?» ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቆመ። «ነፊሳ፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሕፃን ግን አይደለሁም። ከአያቴ በፊት ጀምሮ ዝናብና ፀሐይ ላይ የቆመ ድንጋይ ነው። እናንተ ቤት ውስጥ ገብቶ በጨው ሞተ ትዪኛለሽ?»

የማውቀው ሁሉ፣ ወረቀቱ፣ የባትሪው ውሃ፣ ያ ሁሉ ዘመን፣ በዚያ ጥያቄ ፊት አፍ አልነበረውም።

«ሸጣችሁት» አለ።

ሃሊማ «አባባ! አይደለም!» ብላ ገባች። እጁን አንስቶ ዝም አሰኛት። ቀጥሎ ሲናገር ቁጣው ወጥቶለት፣ ጥያቄው የሚያስፈራው ሰው መስሎ ነበር።

«የገዛው ሰው ፈረንጅ ነው?»

ሃሊማ አየችኝ። ክርኗን ያዝኩት።

«አዎ» አልኩ።

«ያውቅበታል? ዝም ብሎ ውጭ የሚጥለው ሰው አይደለም?»

«ያውቅበታል።»

«ወፎቹ ደህና ናቸው? ስትሰጪው ደህና ነበሩ?»

«ሁለቱም ደህና ነበሩ።»

ትከሻው ወረደ። «እንግዲያው አለ» አለ ለራሱ። «ያለበት ቦታ አለ።» ሁለት እጁን ከፍቶ በኦሮምኛ ዱዓ አደረገለት፤ የትም ይሁን የት አላህ ከውሃና ከሌባ እንዲጠብቀው። ሃሊማ አሚን አለች።

ደግፌ ላወጣው እጄን ስዘረጋ ገፋው። ሃሊማ ጫማውን አለበሰችው። ባጃጁ ውስጥ ከገባ በኋላ ፊቱን ወደ ድምፄ አቅጣጫ መለሰ።

«ላንቺ ነበር የሰጠሁሽ» አለኝ። «አንቺን አላህ ይጠይቅሽ።»

«አሚን» አልኩት።

ባጃጁ ወደ መጋላ ድልድይ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት። ዘበኛው ቁልፉን እያቅጨለጨለ ሌላ የማየው ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ቆለፈው።